የጾም ወጥና የልብ ጤና

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አጭር አሳብ በአንባብያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለፈው ዓመት ሐኪም የደም ግፊት እንዳለብኝ ሲነግረኝ እጅግ ደነገጥሁ። ራቴ ዘወትር ሽሮና ምስር ስለ ሆነ፣ ሥጋ የማይበላ ሰው ልቡ አይታመምም ብዬ አምን ነበርና። ሐኪሙ አበሳሰላችንን ሲጠይቀኝ ግን ነገሩ ገባኝ። በቤታችን ወጡ በረጋ የፓልም ዘይት ይዋኝ ነበር፤ በሽሮውና በበርበሬው ውስጥ ያለው ጨው ሳይበቃ ሌላ ይጨመርበታል። የዓለም የጤና ድርጅት ግን ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ይኸውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል።

ምስር ራሱ ብርቱ ምግብ ነው፤ 100 ግራም ጥሬ ምስር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ከእንጀራ ጋር ሲበላም አንዱ የጐደለውን ሌላው ይሞላዋል። ዛሬ እኔና ባለቤቴ ሽንኩርቱን ውሃ ጠብ እያደረግን እናቁላላለን፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እናበዛለን፤ ፈሳሹንም ዘይት በማንኪያ እንለካለን። ጣዕሙ አልጐደለም።

ድስት የምትጥዱ ወገኖቼ ሆይ፤ ጾማችን ከቅቤ ብቻ ሳይሆን ከጨውና ከዘይት ብዛትም ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ አንባቢ
ከአዲስ አበባ