ማሻሻያ የማይደርሰው ስልክ እና የአርብቶ አደሩ ገንዘብ

በሶማሌ ክልል ገንዘብን በስልክ መላክና መቀበል የከተማ ነዋሪ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቀደም ሲል በሶማሌ ማይክሮፋይናንስ ተቋም በኩል የተስፋፋው ሄሎካሽ፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር፣ አገልግሎቱን ወደ አርብቶ አደሩ አቅርበውታል። በደምበል ፍየሉን የሸጠ ሰው ዋጋውን በስልኩ ይዞ ወደ መንደሩ ሊመለስ ይችላል። የዚህ ገንዘብ ደህንነት ግን በምስጢር ቁጥሩ ብቻ የሚወሰን አይደለም።

አንድሮይድ ስልኮች ሊኑክስ በተባለ የስርዓተ ክወና አስኳል (ከርነል) ላይ የተገነቡ ናቸው። አንዱ መተግበሪያ የሌላውን መረጃ እንዳይነካ የሚከለክለው ይህ አስኳል ነው። በአስኳሉ ላይ የሚገኝ «አካባቢያዊ» የሚባል ክፍተት ከሩቅ በቀጥታ አይከፈትም፤ አጥቂው አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ሊኖረው ይገባል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች አቅልለው ያዩታል። ይሁንና የተነቀዘ እህል ከገባ በኋላ የጎተራውን በር ማጥበቅ እንደማይጠቅም ገበሬ ሁሉ ያውቃል።

«ደርቲ ካው» የተሰኘው ክፍተት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 ይፋ ሲሆን፣ በሊኑክስ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ቆይቶ ነበር። ለማንበብ ብቻ በተፈቀደ ፋይል ላይ መጻፍን ስለሚያስችል፣ ተራ ፕሮግራም የስልኩ ሙሉ አዛዥ ለመሆን ይበቃል። ለአንድሮይድ ማስተካከያው በዚያው ዓመት ማብቂያ ወጣ። ሆኖም በሴፕቴምበር 2017 ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የደህንነት ኩባንያ፣ በዚሁ ክፍተት የሚጠቀም ጎጂ ፕሮግራም ከ40 በላይ አገሮች ውስጥ ማግኘቱን አስታወቀ። ፕሮግራሙ ከ1,200 በሚበልጡ አሳሳች መተግበሪያዎች ውስጥ ተሸሽጎ ይገባ ነበር፤ በቻይናም በባለቤቱ ስም በአጭር መልእክት ክፍያ እየፈጸመ ገንዘብ ይወስድ ነበር።

ሁለተኛው አብነት በአስኳሉ ውስጥ ባይንደር በተባለው ክፍል የተገኘው ክፍተት ነው። በሊኑክስ በኩል በዲሴምበር 2017 ተስተካክሎ ሳለ፣ የጉግል ተመራማሪዎች በሳምሰንግ ኤስ 9 እና በሁዋዌ ፒ20 ጭምር ክፍት መሆኑን በኦክቶበር 2019 ይፋ አደረጉ። አጥቂዎችም ሳይጠቀሙበት አልቀሩም።

ከሁለቱም የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው፤ አደጋው የሚከፋው መድኃኒቱ ተገኝቶ ለታማሚው ሳይደርስ ሲቀር ነው። አምራቹ ማሻሻያ (አፕዴት) መላክ ያቆመበት ያገለገለ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። መተግበሪያም በብሉቱዝ፣ በቴሌግራም ወይም በሚሞሪ ካርድ ይተላለፋል። አንደኛው ክፍተቱን ሳይደፈን ያቆየዋል፣ ሁለተኛው ለአጥቂው መግቢያ ይሰጠዋል።

በአንጻሩ ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ይዞ በኮከብና በመሰላል አጭር ቁጥር የሚገለገል ሰው ለዚህ ዓይነቱ ክፍተት አይጋለጥም፤ የምስጢር ቁጥሩን ለሌላ አለመስጠት ግን የእርሱም ግዴታ ነው።

ስማርት ስልክ የሚገዛ ሰው ባትሪውንና ካሜራውን ከማየቱ በፊት፣ በቅንብሮች ገጽ የመጨረሻው የደህንነት ማሻሻያ የተሰጠበትን ቀን ይመልከት። ቀኑ ዓመታት ያለፉት ከሆነ በዚያ ስልክ የመንጋ ሽያጭ ገንዘብ ማንቀሳቀስ አይመከርም። መተግበሪያንም ከፕሌይ ስቶር ብቻ መጫን ይበጃል።

ኃላፊነቱ ግን በገዢው ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። ስልክ አስመጪዎች ማሻሻያው እስከ መቼ እንደሚቆይ ለገዢው ሊናገሩ ይገባል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር እና የገንዘብ ተቋማትም ማስጠንቀቂያቸውን በሶማልኛና በሬዲዮ ቢያሰሙ፣ መልእክቱ ማንበብ ለማይችለው አርብቶ አደር ጭምር ይደርሳል።