ከጋምቤላ ጅማ፣ በቦሌ በኩል

ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ ለሚለካ ሰው፣ ከጅማው አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማስመሪያውን ወደ ምዕራብ አዙሮ እስከ ጋምቤላ ቢለካ ደግሞ 250 ገደማ ያገኛል። ጅማ ለሁለቱም እኩል ቅርብ ናት ማለት ነው። በቦሌ ዞሮ ከጋምቤላ ጅማ የሚመጣ መንገደኛ ግን መጀመሪያ 475 ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ 260ውን ወደ ኋላ ይመለሳል። 250 የነበረው 735 ሆነ።

አየር ላይ የሚጠፋው ጊዜ ብዙ አይደለም። ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር ከቦሌ ጅማ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ቀኑን የሚበላው ፍተሻው፣ ሻንጣ መጠበቁና ሁለተኛው በረራ እስኪደርስ መቀመጡ ነው። የማታው ካመለጠም አዲስ አበባ አልጋ ፈልጎ ማደር ይመጣል። ነጋዴ ይህን ከትርፉ ይችለዋል። የሪፈር ወረቀትና የራጅ ፊልም በፌስታል ይዞ፣ ሕመምተኛውን በክንዱ ደግፎ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚመጣው አስታማሚ ግን ከየት ያመጣዋል? እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የእሱ ነገር ነው።

በመኪና ይሂድ እንዳይባል መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጋምቤላ ሜዳ ከ500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ጎሬ ላይ 2,000 ሜትር ይወጣል፤ ከዚያ መቱን፣ በደሌንና አጋሮን አልፎ ጅማ ይገባል። ዳር ዳሩ ሁሉ የቡና አገር ነው። ለጤነኛ ሰው እጅግ ያማረ ጉዞ ነው፤ ቁስል ላለበት ግን ስቃይ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ በአገር ውስጥ ወደ ጅማ መብረር ጀመረ። የዚያን ዘመን ሲ-47 አውሮፕላኖች መቀመጫ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ የተዘረጋ አግዳሚ ነበር፤ ጭነቱ መሃል ላይ ይታሰራል፣ ሰው ፊት ለፊት እየተያየ ይሄዳል። ምቾት አልነበረውም፤ መኪና በቀላሉ የማይደርስበትን አገር ግን ያገናኝ ነበር።

ጅማንና ጋምቤላን የሚያገናኝ ቀጥታ በረራ ይኑር ስል፣ መንገደኛው ጥቂት ነው፣ አውሮፕላኑ አይሞላም የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ሂሳቡ ቀላል እንዳልሆነም ይገባኛል። ነገር ግን 19 ሰው ገደማ የምትይዘውን ትዊን ኦተር ይኸው አየር መንገድ አብርሯት ያውቃል፤ ትንሽ መስመር በትንሽ አውሮፕላን ይሠራል። በየቀኑ ይሁን አላልኩም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሳይሰረዝ የሚጠበቅ የጅማና የጋምቤላ ቀጥታ በረራ ይኑር። አንደኛው ቀን ከሆስፒታሉ የቀጠሮ ቀን ጋር ይስማማ፤ ሁለተኛው ነጋዴውም እንዲጠቀምበት የጅማው የሂርማታ ገበያ በሚቆምበት ሐሙስ ይሁን።