ከአውሽቪትዝ በፊት አራት አስከሬኖች ነበሩ

ስለ ናዚ ማጎሪያ ካምፖች ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁላችንም ቀጥታ የምንሄደው አውሽቪትዝ ነው። የባቡር ሐዲዱ፣ የጋዝ ክፍሉ፣ 1.1 ሚሊዮን ሟች... መሄዳችንስ ልክ ነው። ግን ሁልጊዜ ከዚያ ስንጀምር ገዳዮቹ ከሆነ ጉድጓድ የወጡ አጋንንት ይመስሉናል፤ «ማን ሊያስቆማቸው ይችል ነበር?» ብለን እናልፋለን። እኛ ግን እስኪ ለዛሬ ከዳካው እንጀምር እንላለን። (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርች 20 ቀን 1933። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። የሙኒክ ፖሊስ አዛዥ የነበረው ሃይንሪሽ ሂምለር ጋዜጠኞችን ሰብስቦ፣ ዳካው በምትባል ከተማ አጠገብ፣ በአሮጌ የባሩድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ 5,000 ሰው የሚይዝ ማጎሪያ ካምፕ እንደሚከፈት አስታወቀ። ልብ በሉ፣ ነገሩ በጋዜጣ ነው የወጣው! «አልሰማንም፣ አላየንም» የሚለው የመጣው በኋላ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያዎቹ እስረኞች ገቡ። የገዛ አገራቸው ልጆች ናቸው፤ ኮሚኒስቶች፣ ሶሻል ዴሞክራቶች፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰዎች። ክስ የለ፣ ዳኛ የለ፣ የሚያልቅበት ቀን የለ። የእስሩ ስም ደግሞ «የጥበቃ እስር» ነበር። ማን ከማን እንደሚጠበቅ አትጠይቁን።

ኤፕሪል 11 የካምፑ ጥበቃ ከፖሊስ ወደ ኤስ ኤስ ተላለፈ። በማግስቱ ሩዶልፍ ቤናሪዮ፣ ኤርንስት ጎልድማን፣ አርተር ካን እና ኤርቪን ካን ተጠርተው ወደ ጫካ ተወሰዱና ተተኮሰባቸው። አራቱም አይሁዳውያን ናቸው፤ ሦስቱ 25 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። «ሊያመልጡ ሲሉ ተመቱ» ተባለ። ኤርቪን ካን ወዲያው አልሞተም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

ጆሴፍ ሃርቲንገር የሚባል ሰው እዚህ ላይ ይመጣል። በሙኒክ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሚሠራ፣ ፋይል የሚያገላብጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በእስር ላይ ያለ ሰው ሲሞት መመርመር የሥራው ግዴታ ነበርና በማግስቱ ሐኪሙን ሞሪትስ ፍላምን ይዞ ዳካው ሄደ። ከዚያም በኋላ ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር ሄዱ። ሜይ ላይ ሉዊስ ሽሎስ የሚባል እስረኛ «ራሱን ሰቀለ» ሲባል፣ ፍላም አስከሬኑን መርምሮ ሰውየው ተደብድቦ መሞቱን ጻፈ። ሃርቲንገር ክሱን አዘጋጀ። አለቃው መጀመሪያ ላይ እጁን ሰብስቦ ነበር (አለቃ መቼም አለቃ ነው)፣ በመጨረሻ ግን ጁን 1 ቀን የካምፑ አዛዥ ሂልማር ቬከርለና የካምፑ ሐኪም ሳይቀሩ በግድያ ተባባሪነት ተከሰሱ።

አስቡት እስኪ። በ1933፣ በሂትለር ጀርመን፣ ዐቃቤ ሕግ የኤስ ኤስን አዛዥ ከሰሰ!

ቬከርለ ከቦታው ተነሳ፤ ፍርድ ቤት ግን አልቀረበም። ክሱ የባቫሪያ የአገር ግዛት ሚኒስትር የአዶልፍ ቫግነር መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈበት። ወረቀቶቹ የተገኙት ከጦርነቱ በኋላ ሲሆን፣ በኑረንበርግ ችሎት ማስረጃ ሆነው ቀረቡ።

«ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ተሸነፈ እኮ!» የሚለን አይጠፋም። አዎ፣ ተሸንፏል። እኛ የምንለው ግን ሌላ ነው። ያኔ ሬሳዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ የሟቾቹ ስም ይታወቅ ነበር፣ ግድያን ግድያ ብሎ የሚጽፍ ሕግና የሕግ ሰው ነበረ። የጎደለው ሃርቲንገር የከፈተውን ፋይል ሳይዘጋ ለሚቀጥለው የሚያሳልፍ ሰው ነው። ከሱ በላይ የነበሩት ባለሥልጣናት ያደረጉት ነገር ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ አልነበረም፤ መሳቢያ መቆለፍ ብቻ።

በቬከርለ ቦታ የተተካው ቴዎዶር አይከ ነው። አይከ በኦክቶበር 1933 የካምፑን የቅጣት ደንብ አወጣ፤ «የሚያነሳሳ» እስረኛ እንደሚሰቀል የሚያዝዝ ደንብ ነው። አሁን ስቅላቱ የተጻፈ ትእዛዝ አለው ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት አይከ የካምፖች ሁሉ የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነ፤ የዳካውም አሠራር ወደ ሌሎቹ ተዛመተ። በ1934 መጨረሻ ዳካው ገብተው ሥራ ከለመዱት አንዱ ሩዶልፍ ሆስ ይባላል። በ1940 አውሽቪትዝ ሲከፈት አዛዥ ሆኖ የተላከው እሱ ነው።