የግል ግኝትና የጋራ መዝገብ

እንደሚታወቀው ዕውቀት የብዙ ትውልድ የሥራ ውጤት እንጂ ከአንድ ሊቅ አእምሮ ብቻውን የፈለቀ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ሐሳብ ከግለሰብ እጅ ወጥቶ የኅብረተሰብ ንብረት እስኪሆን ድረስ በምን መንገድ ማለፍ እንዳለበት፣ በየትኛው ደጃፍ መፈተሽ እንደሚገባው አዘውትረን አንነጋገርበትም። ጥያቄው የምሁራን ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ስለ አገሩ፣ ስለ ጎሣውና ስለ ቋንቋው የሚጻፈውን በእጅ ስልኩ የሚያነበው ሠርቶ አደሩና ልጁ ናቸውና ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት ከሚነበቡት የዕውቀት መዛግብት መካከል ግንባር ቀደሙ እ.ኤ.አ. በጥር 2001 የተመሠረተው ውክፔዲያ ነው። ይህ በኢንተርኔት የሚነበብ ኢንሳይክሎፒዲያ ደመወዝ የሚከፈለው ጸሐፊ የለውም፤ ማንም ገብቶ ይጽፍበታል፣ ማንም ያርመዋል። በሩ ለሁሉ ክፍት የሆነው ይህ መዝገብ ግን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አንድ ጥብቅ ደንብ አለው። ይኸውም ጸሐፊው ራሱ የደረሰበትን፣ ከዚያ በፊት በሌላ ቦታ ታትሞ ያልተመረመረ ግኝት አልቀበልም የሚል ነው። ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። የፊዚክስን ሕግጋት ብቻችንን አፍርሰን አዲስ ሠርተናል የሚሉ ሰዎች መዝገቡን የየግል ንድፈ ሐሳባቸው ማሰራጫ ሊያደርጉት ተነሥተው ነበርና ነው።

ደንቡ በእኛ አገር ተጨባጭ ሁኔታ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ገድለ ተክለ ሃይማኖት ሞቶሎሚ ስለተባለ የዳሞት ንጉሥ ይተርካል። ከሶዶ ከተማ በላይ የቆመው ተራራ ዳሞታ ይባላል። የወላይታ ትውፊትም ሞቶሎሚን ከራሱ ነገሥታት ይቆጥረዋል። አንድ የሶዶ ወጣት እነዚህን ሦስት ነገሮች አገናኝቶ «ስለዚህ የሞቶሎሚ መናገሻ ዳሞታ ተራራ ላይ ነበረች» ብሎ ቢጽፍ ጽሑፉ ይሰረዝበታል። ከሦስቱ አንዱም የእርሱ ፈጠራ አይደለምና ወጣቱ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን መዝገቡ ያልተቀበለው ሦስቱን ነገሮች ሳይሆን «ስለዚህ» የምትለዋን ቃል ነው። መደምደሚያው ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ዳሞት የሚለው ስም በተለያየ ዘመን ለተለያየ አገር ሲጠራበት ኖሯል። ይህን የመሰለው ክርክር የራሱ መድረክ አለው። ፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ የዳሞትንና የወላይታን ጥያቄ አንሥተው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1975 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ነበር። በዚያ መድረክ ጸሐፊው በስሙ ይቆማል፣ ምንጩን ይዘረዝራል፣ የሚቃወመውም በጽሑፍ ይመልስለታል። መዝገቡ ክርክሩን ከነተከራካሪዎቹ ያሰፍራል እንጂ ከማንም ቀድሞ ፍርድ አይሰጥም።

አንዳንድ ወገኖች ይህን ደንብ በሰፊው ሕዝብ ዕውቀት ላይ የተሰነዘረ ንቀት አድርገው ያቀርቡታል። በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ የሚውል ሠራተኛ ግን ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። የግምጃ ቤት ኃላፊ ዕቃ ሲቀበል ሞዴል 19 ይቆርጣል፤ ዕቃው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳስረከበው፣ ብዛቱ ስንት እንደሆነ ይጻፋል። ያለዚህ አላስገባም ማለቱ ዕቃውን የሠራውን አናጢ መናቅ አይደለም፤ ነገ ጉድለት ሲገኝ ወደኋላ ተከታትሎ መድረስ እንዲቻል ነው። የእድር ጸሐፊም እንዲሁ ነው። በቃለ ጉባኤው የሚያሰፍረው አባላቱ የተነጋገሩበትንና የወሰኑትን እንጂ እርሱ ሌሊት ተኝቶ ያሰበውን አይደለም። የራሱን ሐሳብ ቢጨምርበት፣ ሐሳቡ የቱንም ያህል በጎ ቢሆን፣ በቃለ ጉባኤው የሚያምን አይኖርም።

ዋናው ነጥብ የዋስትና ጉዳይ ነው። በጀርመን አገር በ5 ቅጾች እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ጽሑፎቹ በየጸሐፊያቸው ስም የተፈረሙ ስለሆኑ ጸሐፊው ራሱ ዋስ ይሆናል። በውክፔዲያ ግን በብዕር ስም የሚጽፈው ሰው ፕሮፌሰር ይሁን የ8ኛ ክፍል ተማሪ ማወቂያ የለም። ዋስ ሊሆን የሚችለው የጠቀሰው ምንጭ ብቻ ነው። ምንጩ ከተነሣ የሚቀረው የማይታወቅ ሰው ቃል ነው። ይህ ቃል በመዝገቡ ጥቂት ወራት ከከረመ በኋላ በሬዲዮ ይነገራል፣ በጋዜጣ ይታተማል፣ ከዚያም ያ ጋዜጣ ለዚያው ቃል ምንጭ ሆኖ ይጠቀሳል። ውሸት የራሷ ዋስ ሆና የምትቆመው በዚህ መንገድ ነው።

በቅጡ ሳይፈተሽ በጋራ መዝገብ የሚገባ ነገር ምን ያህል አደጋ እንዳለው ለወላይታ ሕዝብ ከውጭ መጥቶ የሚያስረዳ አያስፈልግም። የመማሪያ መጽሐፍ የኢንሳይክሎፒዲያ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ተመርምሮ የተጣራውን ለሕዝብ የሚያደርሱ እንጂ አዲስ ነገር የሚሞከርባቸው አይደሉም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቀድሞው የሰሜን ኦሞ ዞን የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን በማዋሐድ፣ ከአራቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደሎች «ወጋጎዳ» የሚል መጠሪያ የተሰጠው አንድ የጽሑፍ ቋንቋ በጽሕፈት ቤት ተዘጋጀ። የመማሪያ መጻሕፍትም ታትመውበት ለትምህርት ቤቶች ታደሉ። አራቱ ቋንቋዎች ተቀራራቢ መሆናቸውን የቋንቋ ሊቃውንት አይክዱም። ቋንቋዎቹ ወደ አንድ የጽሑፍ ቋንቋ ሊመጡ ይችላሉን ብሎ መጠየቅም በራሱ ኃጢአት አልነበረም፤ ለጥናት የሚበቃ፣ በመጽሔትና በጉባኤ ሊከራከሩበት የሚገባ ሐሳብ ነበር። ጥፋቱ ሐሳቡ በዚያ ደጃፍ ሳያልፍ፣ ቋንቋውን የሚናገረው ሕዝብም ሳይጠየቅ፣ ባለቀለት ዕውቀት ስም በሕፃናት እጅ መግባቱ ላይ ነው።

ውጤቱን የሶዶ ነዋሪ ያስታውሰዋል። በ1992 ዓ.ም. ተማሪው፣ መምህሩና የከተማው ሕዝብ ተቃውሞውን ይዞ አደባባይ ወጣ። የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ታሰሩ። መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤት ተነሡ፣ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በዚያ ንቅናቄ ውስጥ ሌላም የፖለቲካ ጥያቄ እንደነበረበት እናውቃለን፤ ሁሉን በመማሪያ መጽሐፍ ማሳበብ አንሻም። ይሁን እንጂ ያልተፈተሸ የጥቂቶች ግኝት በጋራ መዝገብ ሲታተም ዋጋውን የሚከፍለው አዘጋጁ ሳይሆን ሕዝቡ መሆኑ በዚያ ዓመት በግልጽ ታይቷል።

ይህን ካልን በኋላ ስለ ደንቡ ሌላኛው ገጽታ ዝም ብንል አድርባይነት ይሆንብናል። «የታተመ ምንጭ አምጣ» የሚለው ጥያቄ ለሁሉ እኩል ቢቀርብም ሁሉ እኩል ሊመልሰው አይችልም። ማተሚያ ቤትና መጽሔት በማን እጅ እንደነበሩ ማየት ይበቃል። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ላይ ሲዘምቱና ንጉሥ ጦና ሲማረኩ ከዘማቹ ጋር ቫንደርሄይም የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ነበረ። ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ አሳተመ። በመሆኑም የእርሱ ቃል ዛሬ በማንኛውም መዝገብ ምንጭ ሆኖ ይጠቀሳል። ከዚያ ጦርነት የተረፈው የወላይታ ገበሬ ለልጁ፣ ልጁም ለልጅ ልጁ የነገረው ግን ስላልታተመ ከደጅ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በህንድና በደቡብ አፍሪካ የሽማግሌዎች ቃል ተቀርጾ ለውክፔዲያ ምንጭ እንዲሆን ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ ሆኖም ዋናው ደንብ እንዳለ ነው። የእንግሊዝኛው መዝገብ ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ብቻ መሆኑም ከዚሁ የኅትመት ድህነት ጋር የተያያዘ ነው።

ታዲያ ደንቡ ይነሣ እንበልን? አንልም። ደንቡ ቢነሣ ቀድሞ የሚገባው ሽማግሌው አይሆንም። ሽማግሌው ኢንተርኔት ላይ አይውልም። የሚገባው ጊዜና ገንዘብ ያለው፣ የጎረቤቱን ቀበሌ የራሱ የሚያደርግ ካርታ የሚስልና ለእያንዳንዱ ወንዝ አዲስ የስም ታሪክ የሚፈጥር የብሔር ነጋዴ ነው። የወሰንና የማንነት ክርክር ደም በሚያፋስስበት አገር ይህን በር መክፈት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻንም።

መውጫው ወዲህ ነው። በዳሞታ ተራራ ጥግ የሚገኘው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ ከ50 ሺህ ዓመት በላይ የቆየ የሰው ልጅ አሻራ እንዳለበት ዛሬ ዓለም ያውቃል። የአካባቢው ሕዝብ ዋሻውን ከጥንት ያውቀዋል። በዓለም መዛግብት የሰፈረው ግን የፈረንሳይ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከአሜሪካ የመጡ ተመራማሪዎች ቆፍረው፣ ለክተው፣ ውጤቱን በሳይንስ መጽሔቶች ካሳተሙ በኋላ ነው። በሽማግሌዎች አእምሮ ያለውን ለመቆፈር ግን የውጭ አገር ቡድን መጠበቅ የለብንም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛ ከ15ቱ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። በዚያን ጊዜ ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ዛሬ ሽማግሌ ነው። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን አለ።

ስለዚህ የእድርና የነዋሪ ማኅበራት የየሠፈራቸውን አረጋውያን ስም ይዘው መነሣት አለባቸው። ቃላቸው ሲቀረጽ የተናጋሪው ስም፣ ዕድሜው፣ ከማላ ይሁን ከዶጋላ ጎሣው፣ የተቀረጸበት ቀንና ቦታ፣ ነገሩን ያየው ይሁን የሰማው አብሮ ይጻፍ። ሁለት ሽማግሌዎች የማይስማሙ እንደሆነ ሁለቱም እንዳሉ ይቀመጡ፤ ለማስታረቅ ሲባል አንዱን መሰረዝ ያንኑ የጽሕፈት ቤት ጥፋት መድገም ነው። ይህም ሆኖ በመሳቢያ የተቆለፈ ድምፅ ማንም ሊያረጋግጠው ስለማይችል ለመዝገቡ ምንጭ አይሆንም። ዩኒቨርሲቲው ቃሉን በወላይትኛና በአማርኛ ጎን ለጎን አዘጋጅቶ፣ በባለሙያ አስመርምሮ ማሳተም አለበት። ቅጂውም ለዞኑ ባህል መምሪያ፣ ለየትምህርት ቤቱና ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይድረስ። ያን ጊዜ ያ የሶዶ ወጣት ስለ ሞቶሎሚ ሲጽፍ የመጽሐፉን ስምና የገጹን ቁጥር ከሥር ያሰፍራል፤ የሚጠይቀውም መጽሐፉን ገልጦ ያያል።