አንድ ቀን የቀደመው ልደት

እዚህ ቶሮንቶ ለልጆች የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት የመመዝገቢያ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔው ነው። አንዲት እናት ደወለችልኝ። «ልጄ የተወለደችው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ነው። ዝርዝሩ ላይ ግን 11 ይላል።»

«የእንቁጣጣሽ ልጅ አይደለችም እንዴ? እንቁጣጣሽ እኮ 11 ነው» አልኳት።

«የወለድኳት እኔ ነኝ!» አለችኝ። አባቷ የፓስፖርቱና የቀበሌው ወረቀት ልደት አልገጥም ብሎት ስንት ቢሮ እንደተንከራተተም ጨመረችልኝ።

እውነቷን ነበር። 2011 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ሆነች፤ የ2012 እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 12 ዋለ። የእኔ ስህተት የለመድነውን ቀን ስለመሰለ ነው ያመንኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብራውዘሮች ውስጥ የሚሠራው ጃቫስክሪፕት 2019-09-12 ተብሎ በሰረዝ የተጻፈ ቀን ሲሰጠው፣ ሰዓት ካልተጨመረበት፣ የግሪኒችን እኩለ ሌሊት ይይዛል። በዚያች ቅጽበት ቶሮንቶ ገና ሴፕቴምበር 11፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ገጹም ያንኑ ያሳያል። አዲስ አበባ ግን 12 ገብቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል፤ እዚያ ያለ ባለሙያ ገጹን ቢሞክረው ምንም ስህተት አያገኝም። ያው ቀን በእዝባር 2019/09/12 ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ክሮም የአካባቢውን እኩለ ሌሊት ይወስድና 12 ያሳያል። በሰረዙ ቀን ላይ ባዶ ቦታ ትቶ ሰዓት መጨመር ሌላ ጣጣ አለው፦ ክሮም ይቀበለዋል፣ የቆዩ የሳፋሪ እትሞች ግን ቀን መሆኑን እንኳ አይለዩም ነበር።

ልደትን ከሰዓት ጋር ማገናኘቱ ነው የመጀመሪያው ስህተት። አሁን ዓመት፣ ወርና ቀን ሦስት ቁጥሮች ሆነው ይቀመጣሉ፤ ሰዓት አይነካቸውም። ወሩ ደግሞ በስሙ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ካናዳ ውስጥ 03/04ን አንዱ ማርች 4፣ ሌላው ኤፕሪል 3 ብሎ ያነበዋል። በእኛ አቆጣጠር ለሚሞሉም የተለየ ምርጫ አለ፤ መስከረምን በሴፕቴምበር ቦታ የሚያስገቡ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። እናንተም ቅጽ ሞልታችሁ ስትጨርሱ መልሶ የሚያሳያችሁን ልደት ሳታዩ አትለፉ።

ካስተካከልኩ በኋላ የድሮውን ዝርዝር ከአዲሱ ጋር አስተያየሁት። የሁሉም ልጆች ልደት አንድ ቀን ወደ ኋላ ሄዶ ነበር። ጃንዋሪ 1 የተወለደው ልጅማ ዓመቱም ተቀይሮበታል። ከእሷ በቀር ማንም ወላጅ አልደወለልኝም።