ባለታሪኩ ከገመዱ ወዲያ

በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ አዲስ ፊልም የሚመረቅበት ምሽት የራሱ ሥርዐት አለው። ቀይ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ገመድ ይወጠራል፤ ፎቶ አንሺዎች ካሜራቸውን ደግነው ቦታ ይሻማሉ፤ ወጣቶች ስልካቸውን ከፍ አድርገው «መጣች! መጣ!» ይባባላሉ። ከመኪናው የወረደው ተዋናዩ ሳይሆን ሾፌሩ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ይሳሳቃሉ። እኔም አንዳንዴ ከዳር ቆሜ አያለሁ፤ ከሚጠበቁት ይልቅ የሚጠብቁትን ማየት ይበልጥ ያስተምራልና።

ምሁራን ነን የምንል ሰዎች በእነዚህ ወጣቶች መሳለቅ ይቀናናል። እኔ ግን የምሳለቅበት ምክንያት አይታየኝም። ወጣቱ በገዛ ፈቃዱ መጥቷል፤ ሲሰለቸው ይሄዳል፤ ፊልሙ ካልጣመው ለጓደኛው «ገንዘብህን አታባክን» ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1922 ሲድ ግራውማን ሆሊውድ ውስጥ በሚገኘው የግብፅ ቲያትሩ «ሮቢን ሁድ»ን በታላቅ ድግስ ካስመረቀ ወዲህ ይህ ትርኢት ንግድ ነው፤ ንግድ መሆኑንም አይደብቅም። የእኔ ጠብ ከሌላው ምረቃ ጋር ነው፤ የሰውን ታሪክ ለትርኢት አቅርቦ ባለታሪኩን ከገመዱ ወዲያ ከሚያቆመው።

ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. በብሔራዊ ትያትር የሆነውን ታስታውሱ ይሆናል። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀው፣ አንጀሊና ጆሊ ስሟን ያዋሰችው «ድፍረት» በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ተቀብሎ ወደ አገሩ ገባ። እንግዶቹ ቦታቸውን ይዘው ፊልሙ ሊጀመር ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አቤት ባይዋ፣ በልጅነቷ ተጠልፋ ታሪኳ ለፊልሙ መነሻ የሆነው ሴት ነበረች። እገዳው በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታይቷል፤ የሕጉን ክርክር ለሕግ ሰዎች እተዋለሁ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ያን ምሽት ያቺ ሴት ወደ አዳራሹ የገባችው በጥሪ ወረቀት ሳይሆን በእግድ ወረቀት ነው።

ይህን ይዤ ወደ አዋሽ ሸለቆ ልውረድ። በአዋሽና በሰመራ መንገድ ዳር የሚጠበቀው ተዋናይ አይደለም፤ ባለሥልጣን ነው። ሰመራ ላይ፣ አንድ ከፍተኛ እንግዳ ሊመጡ ነው ተብሎ ተማሪዎችና ሠራተኞች ከማለዳ ጀምሮ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው አይቻለሁ። ጠዋት የተባለው ቀትር ሆነ፤ የሰመራን ቀትር የሚያውቅ ያውቀዋል። ለካሜራው ጃንጥላ ተዘረጋለት፤ ለተሰላፊው ጃንጥላ ያሰበ አልነበረም። በመጨረሻ መኪኖቹ መስኮታቸውን እንደዘጉ አለፉ። ማታ በዜና አቀባበሉ «ደማቅ» ነበር ተባለ። የሲኒማ ቤቱ ወጣት ሲሰለቸው ይሄዳል ብያለሁ፤ ስሙ በዝርዝር የተያዘበት ሠራተኛ ግን የት ይሄዳል?

ኅዳር 29 ቀን 2010 ዓ.ም. 12ኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በዚችው ሰመራ ተከበረ። በዚያን ጊዜ ከኦሮሚያና ከሶማሌ ክልሎች ወሰን የተፈናቀሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች በየመጠለያው ነበሩ። ሦስት ወር ሳይሞላም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። አገሪቱ ስትነድ ካሜራው ጭፈራውን ይቀርጽ ነበር፤ በጨፋሪዎቹ አልፈርድም፤ የምፈርደው ካሜራውን ባዞረው እጅ ላይ ነው።

አዋሽ ፈንታሌም ተራዋ ደርሷታል። በመስከረም 2017 የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ እየበረታ ሄዶ፣ በታኅሣሥ ወር መጨረሻ በዶፈን አካባቢ ከምድር የተነሣው ጭስና እንፋሎት ዓለምን አዳረሰ። ከአፋርና ከኦሮሚያ ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ጭሱን ለማየት የተሽቀዳደመው ካሜራ፣ ጭሱ ሲሳሳ ተፈናቃዩን በድንኳኑ ትቶ ተመለሰ። ምረቃው አልቋላ!

ከሁሉም በላይ ግን የአፋርን ታላቅ «ኮከብ» ነገር ተመልከቱ። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሀዳር ላይ ከአፋር ምድር ወጣች። ከነሐሴ 1999 ጀምሮ ሂዩስተን ላይ በትኬት ታየች፤ ወደ አገሯ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. ነው። በሐምሌ 2007 ፕሬዚዳንት ኦባማ በቤተ መንግሥት አፅሟን በእጃቸው ሲነኩ ፎቶ ተነሡ። በነሐሴ 2017 ደግሞ የአፋር ልጅ ከሆነችው ከዲኪቃዋ ሰላም ጋር ወደ ፕራግ ሄዳ፣ የቼክ ጠቅላይ ሚኒስትር በተገኙበት ለሁለት ወር ያህል ለእይታ ቀረበች። ሳይንስ ተመልካች ማግኘቱን አልቃወምም። ነገር ግን ውቅያኖስ ለማቋረጥ ያልፈራን ሰዎች፣ አዋሽን ተከትለን ሰመራ ለመድረስ ምን ያስፈራናል? የሀዳር እረኛ የገዛ መሬቱን እንግዳ ለማየት የፕራግ ቪዛ ያውጣ?

የሚያሳዝነው ይህ የሚደረገው፣ እንግዳ መቀበልን ለዓለም ሊያስተምር በሚችል ሕዝብ ላይ መሆኑ ነው። አፋር ዳጉ የሚባል ሥርዐት አለው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ይቆማሉ፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙ። የጠየቀ ይጠየቃል፤ ያዳመጠ ይናገራል። ያየውን ከሰማው መለየት የተናጋሪው ግዴታ ነው፤ ሐሰት ያቀበለ ይጠየቅበታል። በዳጉ ታዋቂና ተመልካች፣ ምንጣፍና ገመድ የለም። በዚህ ሚዛን መስኮቱን ዘግቶ ያለፈ ሰው እንግዳ አይባልም፤ አላፊ መኪና ነው።

«ሕዝቡ እኮ ወዶ ነው የወጣው» የሚሉኝ አሉ። ወዶስ ከሆነ ስም መዝጋቢው ምን ይሠራል? «ካሜራ ካልመጣ ክልሉ አይታወቅም፤ ቱሪስትም አይመጣም» የሚሉም ይኖራሉ። አፋር ግን ካሜራ ጠፍቶበት አያውቅም፤ የኤርታሌን እሳት፣ የዳሎልን ቀለም፣ ጨው የጫነውን የግመል ሲራራ ስንት ጊዜ አይተናል! ከሲራራው ኋላ የሚራመደው ሰው ሲናገር ግን ስንት ጊዜ ሰማን? የጎደለው ፎቶ አይደለም፤ ጥያቄና መልስ ነው።

እንግዲህ ባለሥልጣኖቻችን ኮከብ መሆን ካማራቸው የኮከብን ዕዳም ይቀበሉ፦ ተመልካች በፈቃዱ ይምጣ፤ ካልወደደም በነፃነት ይሂድ። ተማሪው ከክፍሉ፣ ሠራተኛው ከቢሮው አይጎተት። መኪናው ይቁም፤ መስኮቱ ይከፈት፤ እንግዳው ወርዶ ዳጉ ይቀመጥ፤ ይጠይቅ፣ ይጠየቅም። ድንቅነሽም ከእንግዲህ ከአዲስ አበባ የምትወጣ ከሆነ የመጀመሪያ መንገዷ ወደ ሰመራ ይሁን፤ ከፊት ወንበር የሚቀመጡት የሀዳርና የዲኪቃ አርብቶ አደሮች ይሁኑ፤ ሚኒስትሮቹና እኛ ዶክተሮቹ ከኋላ ቆመን ብናይ ምንም አይጎድልብን።

ቸር እንሰንብት።