ለሚቀጥለው ገዢ የምንነዳው መኪና

መኪናቸውን ከአፍንጫው እስከ ጭራው ፊልም ከሚያስለብሱ ሰዎች ጋር ጠብ የለኝም። ገንዘቡ የራሳቸው ነው። ጠቤ ፊልሙ ከምን እንደሚጠብቃቸው ከሚነገረው ወሬ ጋር ነው። ወሬው «ከድንጋይ» ይላል፤ እውነቱ ግን «ከደላላ» ነው።

መጀመሪያ ለዕቃው የሚገባውን ክብር እንስጠው። ፒፒኤፍ የሚባለው ይህ የማይታይ ፊልም ሲወለድ ለመኪና አልነበረም። በቬትናም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ተሽከርካሪ ክንፍ በአሸዋና በጠጠር እየተበላ ሲያስቸግር ስሪ ኤም ኩባንያ ያመጣው መላ ነው። ከዚያ ወደ ውድድር መኪና፣ ቀጥሎም ወደ ሀብታሞች የስፖርት መኪና ወረደ። ለስፖርት መኪና ደግሞ ልኩ ነው። አፍንጫው መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ጎማው ሰፊ ስለሆነ ጠጠር እያፈሰ የራሱን ጎን ይደበድባል፣ ፍጥነቱ ሲጨመርበት ትንሿ ጠጠር ጥይት ትሆናለች። ጥሩው ፊልም ቴርሞፕላስቲክ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ላስቲክ ይሠራል፤ ውፍረቱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ነው። የፋብሪካ ቀለም ከነፕራይመሩ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ስለሆነ፣ ልብሱ ከቆዳው ይወፍራል ማለት ነው። ላቫጆ ቤት በቆሸሸ ጨርቅ የተጫረውን ስስ ጭረት ፀሐይ ሲሞቀው ራሱ ይደፍነዋል። ቆርጦ የገባውን ግን አይመልስም።

(በነገራችን ላይ «ናኖ ሴራሚክ» ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚቀባ ፈሳሽ ነው፤ ሲደርቅ ከጥቂት ማይክሮን አይበልጥም። ጭቃው ቶሎ እንዲታጠብ ይረዳል እንጂ ጠጠር አይመክትም። ሁለቱን በአንድ ስም የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ጫማችሁን አንሱ። ከፒቪሲ የተሠራው ርካሹ ፊልምም አለ፤ እሱ ደግሞ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ሲላጥ ይቆራረጣል።)

አሁን ወደ አገሬ ልውሰዳችሁ። ከጅማ ተነስታችሁ ጎጀብን ስትሻገሩ፣ 100 ኪሎ ሜትር አለፍ ሲል ቦንጋ ትገባላችሁ። እስከዚያ አስፋልት ነው። ከቦንጋ ወደ ዴቻ፣ ወደ ጨሪ ስትታጠፉ ግን ፒስታ ይጀምራል፣ ድንጋዩም እዚያ ነው ያለው። ካፋ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚጥልበት፣ ጫካው ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌርነት የመዘገበው እርጥብ አገር ነው። እዚህ አገር መኪና ከላይ አይሞትም፤ ከሥር ነው የሚሞተው። ጭቃው ሻንሲው ላይ ተለጥፎ ይከርማል፣ ዝገቱ ቀስ ብሎ ይበላል፣ ቦኮላው ያልቃል፣ የፍሬን ቱቦው ይላላል። ፊልም ደግሞ ከሥር አይለጠፍም።

ታዲያ በዚህ ፒስታ ላይ ቀን ከሌት ድንጋይ የሚበላው ማነው? አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ። አንዳቸውም ፊልም የላቸውም። ፊልም የለበሱትን የማያቸው አዲስ አበባ ነው፤ ከቦሌ ሲኤምሲ በመጨናነቅ ሰዓት፣ በእግረኛ ፍጥነት። በዚያ ፍጥነት የትኛው ጠጠር ነው የሚመታቸው?

መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መኪና ልትሸጡ ስትሉ ደላላው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፍሬን አይደለም፣ ስለ ሞተርም አይደለም። «ቀለም ነክቷል?» ነው የሚለው። ኮፈኑን በጣቱ ያንኳኳል፣ ጎንበስ ብሎ ፓራፋንጎውን በብርሃን ያያል። «ኦሪጅናል ቀለም» የምትባለው ቃል እዚህ አገር የምስክር ወረቀት ናት። ባለ ፊልሙ ሰውዬም የሚጠብቀው መኪናውን ሳይሆን ይህቺን ቃል ነው። በመኪናው የሚደሰተው ፊልሙ ሲላጥ ነው፤ ፊልሙ የሚላጠው ሲሸጥ ነው፤ ስለዚህ የሚደሰተው የሚቀጥለው ገዢ ነው። እሱም ቢሆን ገና ሳይነዳው ሌላ ፊልም ያስለብሰዋል።

እሺ፣ ምን ጎዳችሁ ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ ቀለሙ ምስክር መሆን አለመቻሉ ነው። የቀለም ውፍረት መለኪያ የምትባል የእጅ መሣሪያ አለች። የመኪናው አካል ላይ ስትደገፍ በእሷና በብረቱ መካከል ያለውን ርቀት በማይክሮን ትናገራለች። 120 ካለች ጤና ነው። 300 ካለች ሰው ደርቦ ቀብቶታል ማለት ነው። ከ1,000 ካለፈች ከሥሩ ስቱኮ አለ። አሁን 120 ማይክሮን ቀለም ላይ 180 ማይክሮን ፊልም ለጥፉና ለኩት። 300! ጤነኛውና የተገጨው አንድ ቁጥር ያነባሉ። ቀለሙን ለማስመስከር የገዛነው ፊልም የምስክሩን አፍ ዘጋው። ተመልሰን «እመነኝ ወንድሜ፣ ከሥሩ ኦሪጅናል ነው» ላይ ወደቅን።

የአክስቴ ልጅ ቦንጋ ቡና ይነግዳል። አምና አዲስ አበባ ሄዶ ከአንድ ሻጭ ከነፊልሙ የሚያብረቀርቅ መኪና ገዛ። ሦስት ወር ሳይሞላ የፊት ግራ ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ማለቅ ጀመረ። ጎሚስታው ቀየረለት፤ እንደገና አለቀ። በመጨረሻ ጅማ ያለ መካኒክ ከሥር ገብቶ ሲያየው ሻንሲው ተጣሞ የተቃና፣ ሁለት ቦታ የተበየደ ነበር። ፊልሙን ከፓራፋንጎው ላይ መላጥ ሲጀምሩ ቀለሙም አብሮ ተገሽልጦ መጣ። በፋብሪካ ቀለም ላይ የተለጠፈ ፊልም እየሞቀ በቀስታ ከተላጠ በደህና ይወጣል፤ ከሥሩ በቅጡ ያልተሠራ ዱኮ ካለ ግን ይዞት ይመጣል። ያ ሰው በዚያ መኪና የጎጀብን ቁልቁለት ሁለት ልጆች ከኋላ ጭኖ ስንት ጊዜ ወርዷል።

ለዚህ ሁሉ ሻጩን ብቻ መራገም ቀላል ነበር። ነገር ግን መኪና እዚህ አገር ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ጥሪት ከሆነ ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጫነ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። የቤንዚን መኪኖቻችን እንግዲህ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ማርጀታቸው ነው። ኤሌክትሪኩ ሲመጣማ ኦሪጅናል ቀለም የሚባለው ነገር ጭራሽ ቀልድ ይሆናል። የአይዲ ፎር ትልቁ ዋጋ ባትሪው ነው። ምን ያህል እንደደከመ ኮፈኑን አንኳኩታችሁ ልታውቁ ነው?

እኔን እንደ ሶፍትዌር ሠሪ የሚያበሳጨኝ ደግሞ ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ መሠረት ወደዚያ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ መገኛ ነጥቡ ሊታወቅ ይገባል። የሚተገበርበት ጊዜ ተገፍቷል፤ ጥያቄው ግን ካፋ ገበሬ ማሳ ድረስ ወርዷል። ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ቡናህ ከየት መጣ ተብሎ ይጠየቃል። ይህንኑ ቡና የገዛው ነጋዴ ግን በትርፉ መኪና ሲገዛ፣ መኪናው የት ተገጭቶ የት እንደተበየደ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም። አሜሪካኖች የመኪናን ታሪክ በሻንሲ ቁጥር መሸጥ የጀመሩት በ1980ዎቹ ነው፤ ኢንተርኔት ቤታቸው ሳይገባ። እኛ እኮ ቦሎ ለመለጠፍ መኪናውን በየዓመቱ ለምርመራ እናቀርባለን! ሻንሲ ቁጥር፣ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተገኘ ጉድለት፣ የመረመረው ሰው ፊርማ፤ አምስት ዓምድ ናት። መጨመር እንጂ መሰረዝ የማይቻልባት አንዲት ሠንጠረዥ፣ ገዢ ከስልኩ የሚያያት። የኮሌጅ የመመረቂያ ፕሮጀክት እንኳ ከዚህ ይከብዳል። የኢንሹራንስ ካሣ መዝገብ ቢታከልባትማ ፊልም ለጣፊው ግማሽ ደንበኛውን ያጣል።

እስከዚያው ፊልም የምትፈልጉ፣ በየሳምንቱ ቦንጋ–ሚዛን አይሱዙ ተከትላችሁ የምትነዱ ካላችሁ፣ የፊት መከላከያውን፣ የኮፈኑን ጫፍ፣ ስፖኪዮውንና ከጎማው ኋላ ያለውን ጎን አስለብሱ። ድንጋይ የሚመታው እዚያ ነው። በተረፈው ብር ከሥር ፀረ ዝገት አስቀቡ፣ ፍሬኑን አሳዩ። ጣሪያ ላይ ድንጋይ የሚወረውርባችሁ ጠላት ካላችሁ ፊልም አያድናችሁም።

የአክስቴ ልጅ መኪናውን አሁን ሊሸጠው ነው። የሽያጭ ማስታወቂያውን እኔ ነኝ የጻፍኩለት። አምስት ፎቶ አለው፤ አራተኛው የሻንሲው ብየዳ ነው፣ ከጎኑ ሜትር ተዘርግቶ። በማግስቱ አንድ ደላላ ደወለለት። ሊገዛ መስሎት አነሳው።

«ወንድሜ፣ አራተኛዋን ፎቶ አጥፋት፤ የኛንም ገበያ ነው የምታበላሸው» አለው።

አላጠፋትም። እስካሁንም አልተሸጠም።